የዓይን ምርጫና የምላስ ምርጫ፦ የባለቅርጽ ኬክ ልባስ በምን ይወሰናል?

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በመኪና፣ በእንስሳ፣ በመጽሐፍ ወይም በጀበና መልክ የሚሠሩ ኬኮች ከተለመደው ክብ ኬክ የሚለዩት በውስጣቸው ሳይሆን በላያቸው ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ኬኮች የሚሸፈኑባቸውን ልባሶች ባሕርይ፣ ሰዎች አንዱን ልባስ ወድደው ሌላውን የሚተዉበትን ምክንያት፣ እንዲሁም የአዲስ አበባ ከፍታና የጾም ሥርዓት በምርጫው ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የልባስ ምርጫ የግል ጣዕም ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ቢታይም፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው የሚሰጠው ምላስ ሳይጠየቅ፣ በቅርጹ አማካይነት ነው። ከቅርጹ የሚጠበቀው ትክክለኛነት ጥቂት ሲላላ የተመጋቢው ፍላጎት ቦታ ያገኛል።

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ከተሞች በልደት፣ በሠርግ፣ በክርስትናና በምርቃት ድግስ ላይ ኬክ የተለመደ ሆኗል። ድፎ ዳቦው ከቦታው አልተነሣም፤ ኬኩ ግን ከጎኑ ቆሞ የዕለቱን ባለቤት ማንነት የሚናገር ነገር ሆኗል። ለሕፃኑ መኪና፣ ለተመራቂዋ የተደራረቡ መጻሕፍትና ቆብ፣ ለመልስ ወይም ለቅልቅል መሶብ ይታዘዛል። አዛዡ በስልኩ ላይ ያለውን ምስል ለኬክ ሠሪው ያሳያል፤ «ልክ እንደዚህ ይሁን፤ ክሬሙ ግን የለመድነው ነጩ ክሬም ይሁን» ብሎ ይጨምራል።

በድግሱ ዕለት ኬኩ ይደነቃል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም ይቆረሳል። ጥቂት ቆይቶ ሳህኖቹ ሲሰበሰቡ ከብዙዎቹ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ተትቶ ይታያል፦ ከኬኩ ላይ እንደ ቆዳ የተገፈፈ ባለቀለም የስኳር ሽፋን። ኬኩን ውብ ያደረገው፣ የዋጋውንም ከፍተኛ ድርሻ የወሰደው ክፍል ሳይበላ ይጣላል። አዛዡ «ክሬሙ አልጣመም» ይላል፤ ሠሪው ደግሞ የታዘዘውን ምስል በትክክል ማውጣቱን ይናገራል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የአለመግባባቱ አንዱ ምንጭ ቋንቋ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ኬክን የሚሸፍነው ነገር ሁሉ «ክሬም» ተብሎ ይጠራል። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን በአሠራር፣ በጣዕምና በጥንካሬ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮች ይገኛሉ። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ልባስ» የሚለው ቃል የኬክን ውጫዊ ክፍል የሚሸፍነውን ማንኛውንም ነገር በአጠቃላይ ለመግለጽ፣ «ክሬም» የሚለው ደግሞ ቅባትና አየር ላላቸው ለስላሳ ልባሶች ብቻ አገልግሏል።

2. ከሠርግ ኬክ እስከ ባቡር ኬክ

ኬክን በስኳር የማልበስ ልማድ በአውሮፓ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1769 እንግሊዛዊቷ ኤልዛቤት ራፋልድ ባሳተመችው የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ ውስጥ የሙሽራ ኬክ በመጀመሪያ በለውዝ ልባስ፣ ቀጥሎም በስኳር ልባስ እንዲሸፈን የሚያዝ አሠራር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1840 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ስታገባ የቀረበው ኬክ 300 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 136 ኪሎ ግራም ይመዝን እንደነበር ተዘግቧል። የዚያ ዘመን ታላላቅ ኬኮች ልባስ በእንቁላል ነጭና በስኳር የሚሠራ፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚጠጥር ነበር። ነጭ ስኳር ውድ በነበረበት ዘመን የልባሱ ተቀዳሚ ተግባር የደጋሹን አቅም ማሳየትና በደረቅ ፍራፍሬ የተሞላውን ኬክ ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ማቆየት ነበር። ስለዚህ ለዓይን የሚዘጋጅና ለአፍ የሚከብድ ልባስ የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም።

ባለቅርጽ ኬክ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ተራ ቤተሰብ ማእድ ቤት የገባበትን ሂደት በግልጽ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አውስትራሊያ ውስጥ ይገኛል። «ዘ አውስትራሊያን ዊመንስ ዊክሊ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1980 የልጆች የልደት ኬክ መጽሐፍ አሳተመ። በሽፋኑ ላይ ፈንዲሻ የጫነ የባቡር ኬክ ይታያል። በውስጡም ውሃው ከጄሊ የተሠራ የመዋኛ ገንዳ፣ አፉ ከድንች ችፕስ የተሠራ ዳክዬ፣ እንዲሁም በቁጥር ቅርጽ የተሠሩ ኬኮች አሉ። አብዛኞቹ የሚለበሱት በቅቤና በዱቄት ስኳር በተመታ ክሬም ነው። ኬኮቹ ፍጹማን አይደሉም፤ የቢላዋ ዱካ ይታይባቸዋል፤ ጠርዛቸውም ሙሉ በሙሉ ቀጥ ያለ አይደለም። ሆኖም መጽሐፉ በአውስትራሊያውያን ትውልዶች ዘንድ እንደ ቤተሰብ ቅርስ የሚታይ ሆኗል። የዳክዬው ኬክ እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድ ታዋቂ የአገሪቱ የልጆች የካርቱን ፊልም ውስጥ የአንድ ክፍል ርእሰ ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል።

ሁለተኛው መንገድ በቴሌቪዥን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ «ኤስ ኦቭ ኬክስ»፣ በ2009 ደግሞ «ኬክ ቦስ» የተሰኙት ዝግጅቶች መተላለፍ ጀመሩ። እነዚህ ዝግጅቶች ኬክን እንደ ቅርጻ ቅርጽ የሚያሳዩ ነበሩ። በ2022 በኔትፍሊክስ የቀረበው «ኢዝ ኢት ኬክ?» የተባለው ውድድር ደግሞ ጉዳዩን እስከ ዳር አደረሰው፤ ተወዳዳሪዎቹ የሚመዘኑት ኬካቸውን ከእውነተኛ ጫማ ወይም ቦርሳ ለመለየት እስከሚያዳግት አስመስለው በመሥራታቸው ነው።

ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት በችሎታ ደረጃ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ምልክት ሰጪ ሊባል ይችላል፤ ተመልካቹ ነገሩን እንዲያውቀው ሁለት ሦስት ምልክቶችን አስቀምጦ የቀረውን ለተመልካቹ አእምሮ ይተዋል። ሁለተኛው አስመሳይ ነው፤ ለተመልካቹ ግምት የሚተወው ነገር የለም። ይህ ልዩነት በልባስ ምርጫ ላይ ወሳኝ ተጽዕኖ አለው። ምክንያቱን ለመረዳት ልባሶቹ ከምን እንደሚሠሩ መመልከት ያስፈልጋል።

3. ስኳር፣ ውሃ፣ ቅባትና አየር

የልባሶች ብዛት ግራ የሚያጋባ ቢመስልም መሠረታቸው አራት ነገሮች ናቸው፦ ስኳር፣ ውሃ፣ ቅባትና አየር። ልባሶች የሚለያዩት በአራቱ መጠንና አቀማመጥ ነው።

ሮያል አይሲንግ የሚባለው ልባስ በእንቁላል ነጭና በዱቄት ስኳር ይሠራል። ቅባት የለውም። ውሃው ሲተን የስኳሩ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ጠንካራ ቅርፊት ይፈጥራሉ። ስስ መስመሮችን፣ ጥልፍ መሰል ጌጦችንና ጽሑፍን ለመሥራት ተስማሚ ነው። ኬክን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ሲውል ግን ቢላዋ ያስቸግራል።

የሚዳመጥ ፎንዳንት በዱቄት ስኳር፣ በግሉኮስ፣ በግሊሰሪንና በጄላቲን ይሠራል። ግሉኮሱ ስኳሩ ዳግም እንዳይጠጥር ያግዳል፤ ግሊሰሪኑ እርጥበት ይዞ ልባሱ እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል፤ ጄላቲኑ የመለጠጥ ባሕርይ ይሰጠዋል። እንደ ሊጥ ታቡክቶና በመዳመጫ ተዳምጦ እንደ ጨርቅ በኬኩ ላይ ይዘረጋል። ስሙ በፈረንሳይኛ «የሚቀልጥ» ማለት ነው፤ ስያሜው የመጣው ከትኩስ የስኳር ሽሮፕ ከሚሠራውና በኬክ ላይ ከሚፈስሰው ጥንታዊ ዓይነት ነው። ዛሬ በቅርጽ ኬክ ላይ የሚዳመጠው ግን በአፍ ውስጥ አይቀልጥም፤ ይታኘካል። በውስጡ ያለው ቅባት እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንዳንዶቹም ጭራሽ የለም።

በተር ክሬም የቅቤ ልባስ ነው። ቀላሉ ዓይነት ለስላሳ ቅቤን በክብደት እጥፍ ከሚሆን የዱቄት ስኳር ጋር በመምታት ይዘጋጃል። ስኳር በቅባት ውስጥ አይሟሟም። ከቅቤው ክብደት 16 በመቶ ገደማ የሚሆነው ውሃም ያን ሁሉ ስኳር ሊያሟሟ አይችልም፤ ምክንያቱም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ግራም ውሃ የሚያሟሟው ስኳር 200 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አብዛኛው ስኳር በጠጣር ቅንጣትነቱ ይቀራል፤ አንዳንድ ሰዎች «አሸዋ አሸዋ ይላል» የሚሉት ስሜት መነሻው ይህ ነው። የስዊስና የጣሊያን አሠራሮች ይህን ችግር ይፈታሉ። በስዊሱ አሠራር የእንቁላል ነጭና ስኳር በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እስከ 70 ዲግሪ ገደማ ይሞቁና ይመታሉ፤ ቅቤው በኋላ ይገባል። በጣሊያኑ አሠራር የፈላ የስኳር ሽሮፕ በተመታ የእንቁላል ነጭ ላይ ይፈስሳል። በሁለቱም ስኳሩ ቀድሞ ስለሚሟሟ ክሬሙ ልስልስና ጣፋጭነቱ ያነሰ ይሆናል።

ጋናሽ የቸኮላታና የወተት ክሬም ውሕድ ነው። በቸኮላታው ውስጥ ያለው የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ጋናሽ በክፍል ሙቀት ረግቶ በአፍ ውስጥ ይሟሟል። በመጨረሻም የተመታ ክሬም አለ። ከወተት ሲሠራ ቢያንስ 30 በመቶ ቅባት ያስፈልገዋል፤ የቅባቱ እንክብሎች እርስ በርስ ተያይዘው የአየር አረፋዎችን ያቅፋሉ። ከአትክልት ዘይት የሚሠራው ዓይነት በማርጊያ ንጥረ ነገሮች ስለሚታገዝ የበለጠ ይጸናል። ሁለቱም ቀላልና ለስላሳ ናቸው፤ ሁለቱም ውሃ ይበዛቸዋል።

4. ቅርጽ ልባስን እንዴት ያዛል?

አንድ ቅርጽ ሲመረጥ ልባሱ በከፊል አብሮ ተመርጧል ማለት ይቻላል። የመጽሐፍ ቅርጽ ሹል ጠርዝ ይፈልጋል፤ ኳስ ያለ ስፌት የሚዞር ሽፋን ይፈልጋል፤ ጫማና ቦርሳ የቆዳ ልስላሴ ይፈልጋሉ። የተመታ ክሬም ሹል ጠርዝ አይዝም፤ በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ይወርዳል። በተር ክሬም በብርድ ከጠነከረ ጠርዝ ይይዛል፤ ሆኖም የጨርቅ እጥፋትን ወይም የቆዳ ስፌትን ማስመሰል ያዳግተዋል። ይህን ሁሉ ያለ ችግር የሚያደርገው ፎንዳንት ነው። በመሆኑም አስመሳዩ መንገድ ከፎንዳንት ጋር የተጣመረው ሠሪዎች ጣዕሙን ስለሚወዱ ሳይሆን አማራጩ ጠባብ ስለሆነ ነው።

«ምስሉ ይህ ይሁን፤ ከሥሩ ግን ነጩ ክሬም ይሁን» የሚለው ትእዛዝ የማይፈጸምበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። ስኳር ውሃን ይስባል። በፎንዳንት ውስጥ ያለው ስኳር ውሃ የበዛበትን የተመታ ክሬም ሲነካ እርጥበቱን ወደ ራሱ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ያብረቀርቃል፣ በመጨረሻም ይቀልጥና ይንሸራተታል። ስለዚህ ሠሪዎች ከፎንዳንቱ ሥር በተር ክሬም ወይም ጋናሽ ይቀባሉ። በእነዚህ ውስጥ ያለው ቅባት ውሃ በቀላሉ እንዳያልፍ ይከላከላል፤ ከዚያም በላይ ለፎንዳንቱ ልሙጥ መደብ ይሆነዋል።

ተመሳሳይ ችግር በማቀዝቀዣ ውስጥ ያጋጥማል። በፎንዳንት የተለበሰ ኬክ ከፍሪጅ ወጥቶ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ በቀዝቃዛ ገጹ ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ይሠራል፤ ስኳሩም ጤዛውን ጠጥቶ ያላብባል፤ ቀለሞችም ይዋሐዳሉ። በአንጻሩ የተመታ የወተት ክሬም ከፍሪጅ ውጪ መቆየት የለበትም። የምግብ ደኅንነት መመሪያዎች ቶሎ የሚበላሹ ምግቦች ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆዩ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆዩ ይመክራሉ። ስለዚህ አንዱ ልባስ ፍሪጅን ይሸሻል፤ ሌላው ያለ ፍሪጅ አይኖርም። ኬኩ በድግሱ አዳራሽ ለስንት ሰዓት እንደሚቆም ሳይጠየቅ የሚደረግ ምርጫ ከጣዕም አልፎ የጤና ጉዳይ ይሆናል።

ቀለምም የራሱን ግዴታ ያመጣል። ፈዛዛ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ለማውጣት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ደማቅ ቀይና ጥቁር ግን ብዙ ማቅለሚያ ይፈልጋሉ፤ ማቅለሚያው ሲበዛ ልባሱን ይመርረዋል፤ ጥርስና ከንፈርንም ያቀልማል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ጥቁር ለማውጣት ከነጭ ክሬም ሳይሆን ከካካዎ ክሬም የሚነሡት፣ ክሬሙንም ቀለሙ እየጠለቀ እንዲሄድ አስቀድመው የሚያሳድሩት ለዚህ ነው። ከጥቁር መኪና ይልቅ ቢጫ መኪና ማዘዝ ለምላስ የሚጠቅም ውሳኔ መሆኑን የሚያስብ አዛዥ ግን ጥቂት ነው።

5. የምላስ ምርጫ ከየት ይመጣል?

ሰዎች በልባስ ላይ ያላቸው አቋም ጠንካራ ነው። አንዱ ፎንዳንትን «የሚታኘክ ስኳር» ብሎ ይንቃል፤ ሌላው በተር ክሬም «ይሰለቻል» ይላል፤ ሦስተኛው ያለ ነጭ ክሬም ኬክ ኬክ አይመስለውም። ከእነዚህ አስተያየቶች በስተጀርባ ቢያንስ ሦስት ምክንያቶችን መለየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምክንያት የቅልጠት ባሕርይ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ በአፍ ውስጥ ወዲያውኑ ፈሳሽ ይሆናል፤ መዓዛውንም ይለቃል። የመቅለጫ ነጥባቸው ከአፍ ሙቀት በላይ የሆኑ የረጉ ዘይቶች ግን ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጡ ላንቃ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋሉ። «አፍ ላይ ይለጠፋል» የሚለው ቅሬታ መነሻ ይህ ነው። በፎንዳንት ውስጥ ደግሞ የሚቀልጥ ቅባት ስለሌለ የሚቀረው ጣፋጭነት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዎች «በጣም ይጣፍጣል» ሲሉ ሁልጊዜ ስለ ስኳር ብዛት ብቻ እየተናገሩ አይደለም፤ ስኳሩን የሚያለዝብ ቅባት፣ ጨው ወይም መራራነት አለመኖሩንም እየገለጹ ነው። በበተር ክሬም ላይ ጥቂት ጨው መጨመር ወይም መራራ ቸኮላታ መጠቀም ስኳሩ ሳይቀነስ ቅሬታውን የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል የኬሚካዊ ስሜት ምርምር ማእከል ተመራማሪዎች ጭምር ባደረጓቸው ጥናቶች ልጆች ከአዋቂዎች የበለጠ ጣፋጭ የሆነ መጠጥ እንደሚመርጡ፣ ይህም ዝንባሌ በጉርምስና ጊዜ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታይቷል። የልደት ኬክ ችግር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ኬኩ የሕፃን ነው፤ ከሚበሉት መካከል ግን ብዙዎቹ አዋቂዎች ናቸው። ሕፃኑ የመኪናውን ጎማ በደስታ ሲያኝክ አያቱ ሽፋኑን ገፈው ውስጡን ቢበሉ ማናቸውም አልተሳሳቱም።

ሦስተኛው ልማድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ሥራ ሰዎች አንድን ነገር ደጋግመው ማግኘታቸው ብቻ ያን ነገር ይበልጥ እንዲወዱት እንደሚያደርግ አሳይቷል። በአዲስ አበባ የኬክ ባህል ላይ የጣሊያን አሻራ ጉልህ ነው፤ «ቶርታ» እና «ሚልፎኒ» የሚሉት ስሞች ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ። በእነዚህ ኬኮች ያደገ ተመጋቢ ኬክን የሚያስበው በክሬም የራሰ፣ ለስላሳና በማንኪያ የሚበላ ነገር አድርጎ ነው። በእንግሊዝ በደረቅ የሠርግ ኬክ ላይ ጠንካራ የስኳር ሽፋን እየበላ ያደገ ሰው ግምት የተለየ ነው። ስለሆነም ፎንዳንት በአዲስ አበባ ሳህኖች ላይ መተዉ የተመጋቢውን አላዋቂነት አያሳይም፤ ልባሱ የመጣው ከሌላ የኬክ ልማድ መሆኑን ያሳያል።

6. ከፍታና ጾም፦ ሁለት አገራዊ ሁኔታዎች

ከውጭ የሚመጡ የልባስ አሠራሮች በአዲስ አበባ ሳይታረሙ ሲወሰዱ ከሚያስከትሏቸው ስሕተቶች አንዱ የሚመጣው ከከተማዋ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የስኳር ሽሮፕ የመፍያ ሙቀትም በዚያው መጠን ይወርዳል። የጣሊያን በተር ክሬም አሠራር ሽሮፑ 118 ዲግሪ እስኪደርስ እንዲፈላ ያዝዛል፤ ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል የተቀመጠ ነው። በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ውፍረት የሚገኘው በ110 ዲግሪ ገደማ ነው። እስከ 118 ከተጠበቀ ከሚገባው በላይ ውሃ ይተንና ሽሮፑ ወደ ጠጣር ከረሜላነት ይቀርባል፤ በእንቁላሉ ላይ ሲፈስስም ክር ክር እየሆነ ይደርቃል። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም፤ ሠሪውም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ቁጥሩ ነው። ከፍታ የማይለውጠው ጥንታዊ መፈተኛ ግን አለ፤ ጥቂት ሽሮፕ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ ኳስ ከሠራ ደርሷል።

ከፍታው ጥቅምም አለው። የከተማዋ ለዘብተኛ አየር ለቅቤ ልባስ ተስማሚ ነው፤ ቅቤ በቀላሉ የሚመታውና ቅርጹን የሚይዘው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ሙቀት ይኸው ክሬም ከኬኩ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። በመሆኑም ለሞቃት አገሮች የተዘጋጀ «ፎንዳንት ይሻላል» የሚል ምክር ለአዲስ አበባ የግድ አይሠራም።

ሁለተኛው ሁኔታ ጾም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ከበዓለ ሃምሳ ውጪ ባሉት ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በሌሎች አጽዋማት ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባሉ። ከጾም ቀን ጋር የገጠመ ምርቃት ወይም ልደት ላይ የሚቀርብ «የጾም ኬክ» ውስጡ ያለ ወተትና እንቁላል የተሠራ ቢሆንም ልባሱ ሊያፈርሰው ይችላል። በተር ክሬም ቅቤ፣ ሮያል አይሲንግ የእንቁላል ነጭ አለበት። ብዙም የማይታወቀው የፎንዳንቱ ጉዳይ ነው። ቅቤም እንቁላልም ስለሌለበት ጾም ይመስላል፤ ሆኖም ጄላቲን የሚገኘው ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። ካርሚን የተባለው ቀይ ማቅለሚያም ከነፍሳት ይወጣል። የጄላቲኑ ምንጭ ሐላል ምግብ ለሚመገቡ ሙስሊሞችም እኩል አሳሳቢ ነው። አንድ ኬክ የብዙ እምነት ተከታዮች በሚሰበሰቡበት ድግስ ላይ በጋራ የሚቆረስ በመሆኑ፣ የልባሱ ይዘት አለመነገሩ እንግዳውን ሳያውቅ ከሕሊናው ጋር ያጋጨዋል።

አማራጮች አሉ። ጄላቲንን ከባሕር ተክል በሚገኘው አጋር ወይም በሌሎች የዕፅዋት ማርጊያዎች መተካት ይቻላል። ለክሬም የአትክልት ቅባት ያገለግላል፤ እዚህ ላይ ግን በከፊል በሃይድሮጅን የረጉ ዘይቶችን ማስወገድ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንዱስትሪ የሚመረት ትራንስ ፋት ከምግብ አቅርቦት እንዲወገድ ጥሪ አድርጓል። ከሁሉም ይበልጥ ለኢትዮጵያ ማእድ ቤት የሚቀርበው ግን ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፈረንሳዊው ጆኤል ሮሴል የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ ተመትቶ አረፋ እንደሚሠራ አሳወቀ። በውሃው ውስጥ የሟሟው ፕሮቲንና ስታርች አየሩን ያቅፋል። በስኳር ሲመታ ነጭ፣ ቀላልና የጾም የሆነ አረፋ ይገኛል። የጾም ምግብ ዋነኛ እህል በሆነው ሽምብራ መቀቀያ ውስጥ ለጾም ኬክ የሚሆን ልባስ መኖሩ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው እንደሚታየው «ፎንዳንት ይሻላል ወይስ ክሬም?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ኬኩ የሚቆምበት ሰዓትና ቦታ አስቀድመው ከተወሰኑ በኋላ ለምላስ የሚቀረው ምርጫ እጅግ ጠባብ ነው። ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይገባል። በመጀመሪያ የሚመገበው ማን እንደሆነ፣ ቀኑ የጾም መሆን አለመሆኑ፣ ኬኩ ከፍሪጅ ውጪ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠየቅ፤ ከእነዚህ መልሶች ልባሱ ይመረጥ፤ ልባሱ ሊሸከመው የሚችለው ቅርጽ ከዚያ በኋላ ይወሰን።

ይህ ማለት ባለቅርጽ ኬክ ይቅር ማለት አይደለም። የአውስትራሊያው የባቡር ኬክ እንደሚያስተምረው አንድን ነገር ለይቶ ለማወቅ ጥቂት ምልክት ይበቃል። ጀበና በአንገቷ፣ በእጀታዋና በክብ ሆዷ ትታወቃለች፤ የሸክላዋን ገጽ ፍንትው አድርጎ ማስመሰል ግድ አይደለም። የካካዎ በተር ክሬም በስፓቱላ ተለቅልቆ ጥቂት ሻካራ ቢቀር ይበልጥ ሸክላ ይመስላል። መሶብም እንዲሁ ነው፤ በክሬም መጭመቂያ ከረጢት የሚወጡ ትናንሽ መስመሮች የአክርማ ስፌቱን ያስመስላሉ። ሹል ቅርጽ የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ለምሳሌ በተመራቂዋ ቆብ ላይ፣ ፎንዳንቱ ለዚያች ክፍል ብቻ ሊውል ይችላል። በዚህ መንገድ የሚገፈፈው ነገር ከመላው ኬክ ወደ አንዲት ጌጥ ይወርዳል። ድግሱ ሲያበቃ ከሳህኖቹ ጠርዝ ላይ የሚቀረው ነገር ማነሱ፣ የአዛዡ ገንዘብና የሠሪው ድካም ለታሰበላቸው ሰዎች መድረሱን ከፎቶግራፉ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ያሳያል።